ቢምቢ ስንት ብር እንደበላችብኝ ልንገራችሁ

የሳቢያኗ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡14

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ ባለቤቴ ባጃጅ ይሠራል፣ ሁለት ልጆች አሉን። የምጽፈው እዘኑልኝ ለማለት አይደለም፣ ሒሳብ ላሳያችሁ ነው።

መስከረም መግቢያ ላይ ባሌን ትኩሳት ጣለው። ከዓይኑ ጀርባ ያመዋል፣ አጥንቱ እንደተቀጠቀጠ ነው፣ ብርድ ልብስ አምጪ ይላል በዚያ ሙቀት። ወባ ነው ብለን ወሰድነው። ወባ የለም ተባለ። ታይፎይድ ነው አሉና መርፌ ጀመሩለት። ለሕመሙ ደግሞ ዳይክሎፌናክ። በአራተኛው ቀን ድዱ መድማት ሲጀምር ደንግጬ ሌላ ቦታ ወሰድኩት፣ እዚያ ደንጊ ነው አሉን፣ ቢምቢ የምታስተላልፈው ትኩሳት። ሳምንት ሳይሞላ ትልቋ ልጄ ተኛች። ከዚያ እኔ።

ዱቤ የምመዘግብበት ደብተር አለኝ። ትንሽ ሲሻለኝ ከጀርባው ጻፍኩት። ካርድ፣ ሁለት ቦታ ምርመራ፣ መድኃኒት፣ ግሉኮስ፣ ትራንስፖርት ተደምሮ 7,400 ብር። ሰው ሁሉ "ስንት አወጣችሁ" ሲለኝ የምነግረው ይሄን ነበር። ቀጥዬ ሌላውን ጻፍኩ። ባጃጇ 13 ቀን ቆመች። ደህና ቀን ነዳጅ ተነስቶ 900 ብር ይዞ ይገባል፣ 11,700 ማለት ነው። ሱቁ 6 ቀን ተዘጋ፣ በትንሹ 500 ብር በቀን ብለው 3,000። ድምሩ 14,700። የሕክምናው እጥፍ ገደማ! እቁቤንም ሳልጥል ቀረሁ፣ ደግነቱ ዳኛው ታገሱኝ።

ሬዲዮ ላይ የአየር ንብረት ለውጥ ያመጣው ነው ሲሉ እሰማለሁ። ይሁን። እኔ የምፈልገው እናንተ ጋ ስንት እንደሚያስወጣና በርግጥ የሠራላችሁ ነገር ምን እንደሆነ ነው።

አቦ_ድሬ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡41

አቦ እግዜር ይማራችሁ። ግን የአየር ንብረት ምናምን የምትሉትን ተዉት። ድሬ ድሮም ሙቅ ናት፣ አሁንም ሙቅ ናት። ችግሩ ቧንቧ ነው። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሰው ሁሉ በርሜል ሞልቶ ይጠብቃል፣ ቢምቢዋም በርሜሉ ውስጥ ልጇን ታሳድጋለች። በየቀኑ ውኃ ስጡን፣ በርሜሉን እኔ ራሴ እደፋዋለሁ። የኛን የቧንቧ ጥፋት ሰማይ ላይ ማላከክ ለባለሥልጣን ነው የሚመቸው።

ማይክሮስኮፕ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ላብራቶሪ ነው የምሠራው፣ ከድሬ ውጭ። መጀመሪያ አስቸኳዩን ልበል። ወባ የሌለበት ትኩሳት ሲሆን ደንጊ እስኪጣራ ድረስ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን አትንኩ። ደም መፍሰስ ያባብሳሉ። ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ነው። ሌላው ሰው የሚሸወድበት፣ ደንጊ አደገኛ የሚሆነው ትኩሳቱ ሲበርድ ነው። ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ "ተሻለኝ" ብሎ ከተነሳ በኋላ ሆዱን ከቆረጠው፣ ትውከት ካላቆመ፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ ከደማ፣ ሌሊትም ይሁን ሐኪም ቤት ውሰዱት።

አቦ_ድሬ ስለ ቧንቧው ልክ ነህ። ደንጊ ድሬ ላይ በወረርሽኝ ደረጃ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ፣ መገጣጠሚያ የሚይዘው ትኩሳት፣ ስንቱን እያነከሰ እንዳስኬደ እናንተው ታውቃላችሁ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባለዋ ናት፣ የምትራባውም በበርሜል፣ በጎማ፣ በአበባ ማስቀመጫ ነው። ግን ሙቀቱን አትናቀው። የወባን ሒሳብ ልንገርህ። ተውሳኩ ትንኟ ሆድ ውስጥ ገብቶ ለመብሰል ጊዜ ይፈልጋል። አየሩ 20 ዲግሪ ከሆነ ክፉው ዓይነት፣ ፋልሲፓረም፣ 4 ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። 25 ዲግሪ ሲሆን 12 ቀን ገደማ ይበቃዋል። አብዛኛዋ ትንኝ አንድ ወር አትኖርም። ስለዚህ ደጋ ላይ ተውሳኩ ሳይበስል ትንኟ ትሞት ነበር። አየሩ ሁለት ሦስት ዲግሪ ሲጨምር ትንኟ ሳትሞት ተውሳኩ ይበስላል። ሚስጥሩ ይሄው ነው። የደብረ ዘይት አካባቢን የወባ መዝገብ ከኮሎምቢያ ጋር አስተያይተው የሠሩት ጥናት በ2014 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር፣ ሞቅ ባለ ዓመት ወባው ወደ ከፍታው ይወጣል፣ ቀዝቀዝ ባለ ዓመት ይወርዳል።

የፎገራ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እህቴ ሒሳብሽ ገባኝ። እኛ ጋ ደብተር የለም እንጂ ያው ነው።

ወባ ፎገራ የሚበረታው ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሜዳ ላይ ሲተኛ ነው፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ። ሩዝ የሚታጨደው መቼ ነው? ኅዳርና ታኅሣሥ። ሕመሙ ሐምሌ ላይ ቢመጣ ሰው ተኝቶ ይነሳል። የሚመጣው ግን ማጭዱ ሲሳል ነው።

አምና አባቴም ወንድሜም አንድ ሳምንት ውስጥ ወደቁ። መድኃኒቱ ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፣ አልከፈልንም። ግን ወንፈል ነበረብን። ወንፈል ለማታውቁ፣ ዛሬ ያንተን እናጭዳለን፣ ነገ የኔን። አባቴ የሰው ጉልበት አስቀድሞ በልቷል፣ የእሱ ተራ ሲደርስ ደግሞ አልጋ ላይ ነው። ታምሜያለሁ ብትል ሰው ያዝናል፣ ግን የሱም ሩዝ እየረገፈ ነው። ቀኑ አይሰረዝም። በብር ሰው ቀጥረን ላክን፣ በአጨዳ ሰሞን ደግሞ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ሰማይ ነው። የኛው ማሳ እስኪደርሰው ጫፉ ላይ ያለው ረገፈ። ስንት ኩንታል እንደሆነ ማን ቆጠረው? ወፍ ነው የበላው።

ለመክፈል በግ ሸጥን። ሁለት።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ለእናቴ ከዚህ ከአሜሪካ ለመድኃኒት እያልኩ እልካለሁ። ያንን ብር በምን እንደምታጠፋው ጠይቄ አላውቅም ነበር። የፎገራን ልጅ ካነበብኩ በኋላ አሁን ደወልኩላት። ግማሹ ለአጫጅ ነው አለችኝ። ሳትነግረኝ ሁለት ዓመት።

አንጋፋው | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። እኔ የደምቢያ ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬም 70ን አልፏል። ወባ የምትሉትን እኛ ንዳድ ነበር የምንለው። ደጋ ያለ ሰው ቆላ ወርዶ አያድርም፣ ካደረም ንዳድ ይዞ ይመለሳል ይባል ነበር። ትንኝ እንደሆነች ባናውቅም ቦታውን እናውቅ ነበር።

እና በ1950 ክረምት ማብቂያና በ1951 መግቢያ ቦታው ከዳን። ዝናቡ በዛ፣ ሙቀቱም ያልተለመደ ሆነ፣ ንዳዱ ወደ ላይ ወጣ። እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ፣ የማውቀው እናቴ ስትተርክ ነው። ጠዋት ወጥታ ጭስ የማይወጣባቸውን ቤቶች ትቆጥር ነበር። ጭስ ከሌለ እሳት የሚያነድ ሰው የለም ማለት ነዋ። ኋላ በተጻፈው ግምት በመላ አገሪቱ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ሞቷል፣ የተመታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ያለው አገር ነበር። የቆላ ሰው በየዓመቱ ስለሚታመም ሰውነቱ ትንሽ ይለምደዋል። የወይና ደጋው አልለመደም፣ እንደ ቅጠል ረገፈ።

ወባ ማጥፊያ የሚባለው ድርጅት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዲዲቲ ግድግዳ ላይ ይረጩ ነበር፣ እኛ ልጆቹ ከኋላቸው እንሮጣለን፣ ሽታው እስከ አሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። "እኛ ደጋ ነን፣ ወባ አይነካንም" የሚል ጎረምሳ ስሰማ ይገርመኛል።

አቦ_ድሬ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። የሙቀቱን ነገር ተቀበልኩ፣ እሺ። ግን ጥያቄ አለኝ። ወባ ከረግረግ ነው ስትሉን ነበር። ድሬ ምን ረግረግ አላት? ደቻቱ ወንዝ እንኳ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ሲመጣ ደግሞ ሰው ይዞ ይሄዳል።

ማይክሮስኮፕ | ረቡዕ፣ ከሰዓት 7፡02

ጥሩ ጥያቄ። አዲስ እንግዳ መጥታለች፣ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ትባላለች። አገሯ ሕንድና ዓረብ ምድር ነው። ጅቡቲ ላይ በ2012 ተገኘች፣ እኛ ጋ ቀብሪ ደሃር ላይ በ2016፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ.። ይህቺ የወባ ትንኝ ሆና ረግረግ አትፈልግም። ንፁህ የተጠራቀመ ውኃ፣ በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተቆፈረ ጉድጓድ ይበቃታል። በበጋም ትራባለች። ድሬ በ2022 እ.ኤ.አ. በደረቁ ወራት ወባ ሲነሳባት አጥኚዎቹ ያገኙት እሷን ነው። የገጠር የምንለው በሽታ ከተማ ገባ ማለት ነው። ለከብትም ትሄዳለች፣ ምሽት ሰው ሳይተኛም ትነድፋለች፣ አጎበር ብቻውን አያቆማትም።

አገር አቀፉን ብትሉኝ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። በ2019 እኮ አንድ ሚሊዮን እንኳ አልሞላም ነበር! ሁሉም የአየሩ ጣጣ አይደለም። ጦርነቱ ርጭቱንም አጎበሩንም መንገዱንም ዘግቷል፣ ትንኟ መድኃኒት ለምዳለች፣ ተውሳኩም ፈጣኑ ምርመራ የሚፈልገውን ፕሮቲን ሳይሠራ ማለፍ ጀምሯል። ስለዚህ በፈጣኑ "የለም" ተብሎ ትኩሳቱ ከቀጠለ ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታይ ብላችሁ ጠይቁ። አታፍሩ።

ኤክስቴንሽን_ነበርኩ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡48

ስምንት ዓመት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበርኩ፣ ሞቃት ከተማ ውስጥ። የሳቢያኗ "በርግጥ የሠራ" ብለሻልና ያየሁትን ልንገርሽ።

በርሜል መድፋት ብቻውን አይሠራም። ሰው ውኃውን ደፍቶ ጨረስኩ ይላል። የኤደስ እንቁላል የሚጣበቀው ከውኃው መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ነው፣ ጥቁር የአቧራ ነጥብ ነው የሚመስለው። በርሜሉ ደርቆ ወራት ቢቀመጥ እንቁላሉ አይሞትም። አዲስ ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ በሽቦ ወይም በደረቅ ብሩሽ ግድግዳውን ዙሪያውን ፈትጎ፣ አጥቦ፣ እጣቢውን ደረቅ መሬት ላይ መድፋት ነው። ቦይ ውስጥ አይደለም። በሳምንት አንዴ። ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ ሳምንት አሥር ቀን ስለሆነ እሑድ እሑድ ከፈተግሽ አንዷም አትደርስልሽም።

አንድ ቤት ውስጥ እናትየዋ ንፁህ ናት፣ በርሜሏ ክዳን አለው፣ ልጆቿ ግን ይታመማሉ። ግቢውን ሁለቴ ዞርኩ፣ ምንም። ልወጣ ስል የዶሮዎቹን ውኃ መጠጫ አየሁ፣ የተቆረጠ ጀሪካን። የትንኟ እጭ፣ ገና ክንፍ ያላወጣችው ልጇ፣ እንደ ኮማ እየተጣጠፈ ይዋኛል። እያሳየኋት ሳቀችብኝ፣ "ይሄ ትል ነው፣ ዶሮዎቹ ይበሉታል" አለችኝ።

ሌላ ደግሞ፣ የደንጊ ትንኝ ቀን ነው የምትነድፈው። ስለዚህ በሽተኛው ቀንም አጎበር ውስጥ ይተኛ። ለሱ ብላችሁ አይደለም፣ ትንኟ ከሱ ቫይረስ ወስዳ ለቀሪው ቤተሰብ እንዳታድል ነው። የሳቢያኗ፣ ልጅሽ ግን ሳምንት ሳይሞላ ስለታመመች ከባልሽ ተሻግሮባት ሳይሆን፣ ሁለቱንም በአንድ ሰሞን ነድፋቸው ሳይሆን አይቀርም።

የፎገራ_ልጅ ለእናንተ ደግሞ፣ የወባው ክኒን ኮአርተም 6 ጊዜ ነው፣ ጠዋትና ማታ ለ3 ቀን፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር። እኔ ቤት ለቤት ስዞር መሶብ ሥር የተደበቀ ስንት ግማሽ የክኒን ካርድ አግኝቻለሁ! ሁለተኛ ቀን ይሻላቸዋል፣ ቀሪውን ለሚቀጥለው ሰው ያስቀምጣሉ። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ያገረሻል፣ ለሱ የሚሰጠው የ14 ቀን ፕሪማኩይን ነው፣ እሱን የሚጨርስ ሰው ማግኘት ጣር ነው። በማረሻ ላይ እንደገና ይጥላል። ነፍሰ ጡር አትወስደውም፣ ለሌላውም ሐኪም ካላየው አይወሰድም።

የፎገራ_ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

አባቴ ጥር ላይ ደግሞ ታሞ ነበር። አዲስ ነድፎት ነው ብለን ነበር። አሁን ገባኝ።

አቦ_ድሬ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡33

የጤና መድኑስ? ማኅበረሰብ አቀፍ የሚባለው፣ ከፍለን ካርድ የያዝነው?

ኤክስቴንሽን_ነበርኩ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

ያዙት፣ አትልቀቁት። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳ ሲጀመር ብዙ ሰው አላመነውም ነበር፣ አሁን ስንቱን ከብት ከመሸጥ አድኗል። ግን የሚሸፍነው ሕክምናውን ነው። የሳቢያኗ ደብተር ላይ የመጀመሪያውን መስመር ይቀንሳል እንጂ 13ቱን የባጃጅ ቀን አይከፍልም። ወንፈልም አይከፍልም።

የሳቢያኗ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። ባሌንም አስነብቤዋለሁ፣ በተለይ የዳይክሎፌናኩን። ዝም ብሎ ቆየና "አንቺ ባትወስጂኝ" ብሎ ወጣ።

ዛሬ በርሜሉን ፈተግኩ። ሁለት በርሜል፣ አንድ ሮቶ። ነጥቦቹን አየኋቸው፣ በጥፍሬ ሞከርኳቸው፣ አይለቁም። ስንት ዓመት ሻጋታ እየመሰሉኝ! ጎረቤቴ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ፣ አሳየኋት፣ የሷንም አብረን ፈተግን። ከኛ ጀርባ ግን ግንባታ አለ፣ ኮንክሪት የሚያጠጡበት ጉድጓድ ክፍት ነው፣ ባለቤቱ ውጭ አገር ነው ያለው፣ ጥበቃው "እኔ አልታዘዝኩም" ይላል።

አንድ ሐሳብ መጥቶልኝ እድራችን ላይ ላነሳው ነው። እድር የምንከፍለው ሰው ሲሞት ነው። ድንኳን፣ ወንበር፣ ንፍሮ። ከዚያው ገንዘብ ላይ ለየቤቱ የበርሜል ክዳን ብናሠራስ? አንድ ብረት ሠሪ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ክዳን እሠራለሁ ብሎኛል፣ 40 ቤት ከሆነ ዋጋ እቀንሳለሁ አለ።

አቦ_ድሬ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡22

ሃሃ የእድር ሽማግሌዎች ይገድሉሻል አቦ። "ሳንሞት በሞታችን ብር ክዳን" ይሉሻል።

አንጋፋው | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡00

እኔ የእድር ዳኛ ነበርኩ፣ 11 ዓመት። ልጄ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ በድንገት አታንሺው፣ ይወድቃል። አስቀድመሽ ገንዘብ ያዡን ለብቻው ቡና ጋብዢው። ስለ ትንኝ አታውሪለት። ያንን ደብተርሽን አሳዪው። በመስከረም ስንት አባል ታሞ ወርሃዊ መዋጮ ሳይከፍል እንደቀረ ጠይቂው፣ እሱ ያውቃል። ከዚያ ራሱ ያነሳዋል። የኔ ያለው ሐሳብ አይወድቅም።

የሳቢያኗ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡12

ጋሼ ይህን የት ተደብቀው ነበር! ገንዘብ ያዡ ከሱቄ በዱቤ ስኳር የሚወስዱ ሰው ናቸው። ደብተሩን በደንብ ያውቁታል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡05

የ10 ክዳን እኔ ላይ ይሁን። ግን ለአንዱ ቤት ነፃ ለሌላው በክፍያ ከሆነ ሰፈር ይጣላል፣ ስለዚህ እድሩ በሚወስነው ዋጋ ላይ ቀንሱት። ያ ጀርባችሁ ያለው ግንባታ ባለቤት የት አገር ነው ያለው? እዚህ ከሆነ አገኘዋለሁ።

የሳቢያኗ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ጥበቃውን ጠይቄ እነግርሃለሁ። ቅዳሜ ጉድጓዱ ውስጥ ጨው እንጨምርበት የሚል ሰው ሰፈር ውስጥ ተነስቷል፣ እውነት ነው ወይ?

ኤክስቴንሽን_ነበርኩ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡14

ጨው ተዪው፣ ሲሚንቶውን ለምን ታበላሻላችሁ። ውኃውን በየአምስት ቀኑ ይቀይሩት፣ ካልቻሉ ቀበሌ ሄዳችሁ የእጭ መድኃኒት እንዲጨመር አስመዝግቡ፣ በነፃ ነው መጠየቅ ያለባችሁ። ጥበቃውንም ልጁ ታሞ እንደሆነ ጠይቂው።

የሳቢያኗ | ዓርብ፣ ከሰዓት 8፡47

ጠየቅኩት። ሁለቱም ታመው ነበር። አሁን ጉድጓዱን እየቀዳ ነው።